ሳይለምኑት

እና አሁንም አልወረደችም፣ ደረጃው ላይ ሰው የለም፣ የሁለተኛው ፎቅ መስኮት እንደተዘጋ ነው፣ ይሁን፣ እሱ እሷን እየጠበቀ አይደለም እኮ፣ ታክሲ ነው የሚጠብቀው፣ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ሰው ቢቸኩል ምን ያተርፋል፣ ታክሲው መጥቶ ረዳቱ አስኮ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ብሎ ሲጮህ ዳኜ ዞር ይልና ከኋላው የቆመችውን ልጅ ያዘለች ሴት፣ ግቢ እናቴ፣ ይላታል፣ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ትላለች፣ አይ ምንም አይደል፣ ይልና ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል። ማንም አላየውም።

እግሩ ስለደከመው አስፋልቱ ዳር ላስቲክ እንደለበሰ የተቀመጠ ሶፋ ላይ አረፍ ይላል። ከዚህ ደረጃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ለማየት ብሎ አይደለም፣ ጥላው እዚህ ስለሆነ ነው። ከጓሮ የእንጨት መሰንጠቂያው ይጮሃል፣ ያቆማል፣ ይጮሃል፣ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ሊያስብ ይችላል፣ እሷስ ከላይ ሆና ምን ታስብ ይሆን፣ ደነገጠች፣ ጸጸት ይዟታል፣ ጫማዋን እያጠለቀች ነው፣ አሁን ትወርዳለች።

ዳኜ ትሑት ሰው ነው። ይህን ሱሉልታ ላይ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክርለታል፣ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ራሱ ይመሰክራል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ወደ ላይ አይቀመጥም፣ በር ሥር ነው፣ ንፋሱ የሚገባበት፣ አንዱ ተነስቶ ኧረ መምህር ወደዚህ እስኪለው፣ አይ እዚህ ይሻለኛል እስኪል፣ ኧረ በሞቴ እስኪባል፣ ክንዱን ይዘው እስኪያነሱት ድረስ። አንድ ጊዜ፣ ሰው በዝቶ ይሁን አስበውበት፣ ማንም ሳያነሳው በር ሥር እንደተቀመጠ ዋለ፣ ቤቱ ገብቶ ስንት ቀን ከብርቅዬ ጋር አልተነጋገረም፣ ሚስቱ ምን አድርጋ፣ ምንም፣ ከላይ ተቀምጣ ስላየችው ብቻ። አኮረፍክ እንዴ ስትለው፣ እኔ? ለምን አኮርፋለሁ፣ እኔ እኮ ቦታ አልመርጥም፣ አላት፣ ድምፁም ለስላሳ ነበር፣ በጣም ለስላሳ።

አሁን ከላይ ያለውም ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፣ ለሰው ቢያወሩት የማይገባው። ዶክተር፣ አላት፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ፀደንያ ይበሉኝ ብላው ታውቃለች፣ እሱ ግን አክባሪ ስለሆነ ዶክተር ነው የሚላት፣ ዶክተር፣ እኔ መመላለሱን ልተወው መሰለኝ፣ ከእኔ የባሰ ስንት የተቸገረ ሰው እያለ የእርስዎን ጊዜ መሻማት ነውር ነው። እንዲህ ለሚል ሰው ምን እንደሚመለስ የታወቀ ነው፣ ኧረ በፍጹም ይባላል፣ ኧረ እርስዎ ደግሞ ይባላል፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይባላል። እሷ አየችውና፣ መተው ይፈልጋሉ፣ አለች። አይ፣ ለሌላው ቢሆን ብዬ ነው። ለሌላው ሰዓት አለኝ ጋሽ ዳኜ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ። ተነሳ፣ ኮቱን ያዘ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ እጀታው ስለሚያስቸግር ነው የቆመው፣ ከኋላው ድምጿ መጣ፣ ሰዓታችን እስኪያልቅ እዚህ ነኝ። ይኸው ነው። ወንበሯ እንኳን ሲጥ አላለም።

ልጁን ዕድላዊትን ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው እኮ! እሱ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ሐኪም ሆነዋል፣ ኢንጂነር ሆነዋል፣ ሱሉልታ ላይ ቢራመድ መምህር፣ መምህር ነው፣ ስለዚህም ነው እዚህ ድረስ የሚመጣው፣ ማንም በማያውቀው ከተማ፣ ከፋርማሲ በላይ፣ የሥነ ልቦና ምክር የሚል ትንሽ ታፔላ ያለበት ፎቅ ላይ። የመጣውስ በእንቅልፍ ምክንያት ነው። እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ደረቱን ይወጥረዋል፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ልብህ ደህና ነው ሲባል እንኳን አልተደሰተም፣ ቅር አለው። ብርቅዬ፣ አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሄደህ ለሰው ተናገር ወይ እኔ ሄጄ ልናገር፣ አለችው፣ ያን ቀን ፊቷ እንደሌላው ቀን አልነበረም፣ ስለዚህ መጣ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበረች። ታዳምጣለች። ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ውለታው፣ ርእሰ መምህርነቱን ሲሰጡት አይ ለወጣት ስጡት እንዳለ፣ ለሌላው እንደሰጡት፣ የተሾመው ሰው እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ስሙን እንደማያነሳ፣ ሁሉን አዳመጠች፣ ሲሰጡዎት ለምን እምቢ አሉ፣ አለችው፣ ሰው መጀመሪያ ሲሰጠው ይቀበላል እንዴ፣ ስንት ጊዜ እስኪሰጡዎት ጠበቁ፣ አለችው፣ ያኔ ትንሽ አላማረውም።

ባለፈው ወር አንድ ቀጠሮ ቀረ። ሳያስታውቅ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ አድርጎ ቀረ፣ ደወለች። ምነው ጋሽ ዳኜ በደህና ነው፣ አይ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ ነው፣ እርስዎም እረፍት ያግኙ ብዬ ነው፣ ኧረ ይምጡ፣ እየጠበቅኩዎት ነበር፣ ኧረ እባክዎ። ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ታዲያ ሲመጣ ምን አለችው፣ ስደውልልዎ የተሳሳትኩ ይመስለኛል፣ ለምኜ አመጣሁዎት፣ እርስዎ ደስ አለዎት፣ እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ ሰውነቴ ድክም አለ፣ ያ ድካም የእኔ ብቻ አልመሰለኝም፣ ወይዘሮ ብርቅዬንም እንዲህ ያደርጋቸው ይሆን። እንዲህ ይባላል? ሊታከም የመጣ ሰው አደከምከኝ ይባላል? ግን ብርቅዬ እውነትም ትደክማለች፣ ማታ ማታ ግንባሯን ይዛ ትቀመጣለች፣ እሱ የደም ግፊት ነው ይላል።

ከዚያ ወዲህ ነው የሕመሜን ስም ይንገሩኝ ብሎ የያዛት። ስሙ ብዙ አይጠቅመንም ስትል፣ እሱ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ስም የሌለው ነገር አይሆንለትም፣ በመጨረሻ ናርሲሲዝም ይባላል አለች፣ የተደበቀው ዓይነት። ሊስቅ ምንም አልቀረው። እሱ? ራሱን የሚወድ፣ እኔ እኔ የሚል፣ መስታወት የማይጠግብ፣ ይሄማ ወንድሙ ኩምሳ ነው! ጫንጮ ላይ እህል የሚነግደው፣ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርሰው፣ ሰርግ ቤት ማይክ የሚቀማው ኩምሳ፣ የሌላ ታካሚ ጉዳይ ተቀላቅሎባት መሆን አለበት ብሎ አዘነላት፣ ከልቡ አዘነላት። እሷ ግን አላቆመችም፣ አንዱ እዩኝ ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው በር ሥር ይቀመጥና ማን ተነስቶ እንደሚያነሳው ይጠብቃል፣ የሚርባቸው ግን አንድ ነገር ነው፣ ይህን የምልዎ ክፉ ሰው ነዎት ለማለት አይደለም፣ የቆሰለ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። በር ሥር አለች። የለቅሶ ቤቱን ማን ነገራት፣ ራሱ ነው የነገራት፣ ትሕትናውን እንድታይለት።

ሌላ ታክሲ። አስኮ፣ አስኮ፣ የሞላ! ይሂድ።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም፣ ይህን ይችለዋል፣ የማይችለው እሑድን ነው። ከነገ ወዲያ። ዕድላዊት አንዲት ልጁ ናት፣ ሰበታ ቤት ተከራይታ እዚያው የምትሠራ፣ የሰበታውን ልጅ ኦዳን ወዳለች፣ የኦዳ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ነው፣ ይህን ልትነግረው መጥታ እጁን ይዛ፣ አባዬ ደስ አለህ፣ አለችው። ደስ ብሎታል፣ ደረቱ እስኪሞቅ ድረስ ደስ ብሎታል፣ ታዲያ አፉ ምን አለ፣ እኔ ምን ቃል አለኝና ነው፣ አጎትሽ ኩምሳ አለ አይደል፣ ሰው የሚሰማው፣ እሱ ይቀመጥና ይቀበላቸው፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ብርቅዬ ሰሃኑን እያጠበች ነበር፣ እጇ ቆመ። አሁን ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አባዬ አንተ እያለህ እንዴት ትላለች፣ እግሩ ላይ ትወድቃለች፣ ብርቅዬም ትጨምርበታለች፣ እሱ ሁለት ቀን ያህል አይሆንም ይላል፣ በሦስተኛው እንግዲህ ካላችሁ ይላል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሆነው፣ የምረቃዋ ቀን ከፎቶው ወጥቶ ዳር ቆሞ ነበር፣ ጎትተው መሃል አስገቡት፣ ያ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፣ የከበረ አባት ይመስላል። ዕድላዊት ግን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው፣ እና እሺ አባዬ አለች። እሺ! እዚያው ስልኳን አወጣችና ለኩምሳ ደወለች።

ኩምሳ ራሱ መልሶ ደወለለት፣ ይህን እንኳን ዳኜ አይክድም፣ አካም ኦቦሌሳ ኮ፣ ማል ታቴ፣ ወንድሜ ምን ሆነሃል፣ አንተ እያለህ እኔ ልቀመጥ፣ አይ ግድ የለም፣ ኧረ ተው ወንድሜ፣ የአንተ ልጅ ናት፣ አይ ኩምሳ አንተ ታውቅበታለህ፣ እርግጠኛ ነህ፣ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲህ ካልክ፣ አለ ኩምሳ። እንግዲህ ካልክ! በስልክ ይለመናል ወይ፣ መኪና አለው፣ ጫንጮ ማለት እዚሁ ነው፣ ሊመጣ፣ ሊቀመጥ፣ ጉልበት ይዞ ሊለምን ይችል ነበር፣ ሰው ታላቅ ወንድሙን እንዲህ ያቃልላል? አላቃለለውም፣ ጠየቀው። ጠይቆታል። አልፎም የኦዳ ሰዎች ወደ ጫንጮ ይምጡ ተባለ፣ የኩምሳ ሳሎን ሰፊ ነው ተባለ፣ እውነትም ሰፊ ነው።

የመሰንጠቂያው ድምፅ ሲያቆም ጆሮው ውስጥ ይቀራል። የአባቱ ድምፅ እንዲህ ነበር፣ ካቆመም በኋላ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ በኦሮምኛ ኮቱ፣ ና ዳኜ፣ ዳዊትህን በል፣ ይሉታል፣ እሱ በቃሉ ያወርደዋል፣ እንግዳው ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል ይላል፣ አባቱ ይህንን ለመስማት ነበር የሚጠሩት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ጊዜ ስሙ አይጠራም። አንድ ቀን መሃሉ ላይ ጠፋበት፣ ጭልጥ አለ፣ አባቱ ሳቁ፣ ተወው፣ ኩምሳ ይምጣና ይዝፈንልን አሉ፣ ኩምሳ ትንሽ ነው፣ ዳዊት የት ያውቅና፣ ዘፈነ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ዳኜ ወጥቶ ከጎተራው ጀርባ ተደበቀ። ይፈልጉታል፣ መቼስ ይፈልጉታል፣ ሲመሽ እናቱ ልጁ የታለ ስትል በግድግዳው ሰማ፣ አባቱም፣ ሲርበው ይመጣል፣ አሉ። ይህን ለፀደንያ ነግሯታል፣ ለብርቅዬም ስንቴ፣ ሲርበው ይመጣል ሲል ድምፁ ይሰበራል፣ የሰማ ሁሉ አንጀቱ ይንሰፈሰፋል። ያልነገራቸው አንድ ነገር አለ። ሲርበው ገባ፣ ራቱ ተከድኖ ተቀምጦለት ነበር፣ ሞቅ እንዲል ከምድጃው አጠገብ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ታሪኩን ያበላሸዋል።

ለምን አትወርድም? ምን ይላታል፣ አስር እርምጃ ደረጃ ነው። ባትወድደው እንኳን ብትወርድ ምን አለ፣ ለሥራዋ ብላ። ወይስ እፎይ ብላ ይሆን፣ ሄደልኝ ብላ፣ እግሯን ዘርግታ ሻይ እየጠጣች። ዕድላዊትም እፎይ ብላ ይሆናል። ብርቅዬ ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ጋቢ ያዝ እንኳን አላለችውም፣ በፊት ትል ነበር፣ አይ አልፈልግም ይላል፣ ኧረ ይበርድሃል ትላለች፣ እስከ አጥሩ ተከትላ ትመጣለች፣ መቼ ነው የተወችው፣ አላስተዋለም፣ መቼ ነው ሁሉም አንድ ላይ መለመን የተውት? ተነጋግረው ነው? አልተነጋገሩም፣ ደክሟቸው ነው።

እሑድ ሽማግሎቹ ከሰበታ ይመጣሉ፣ ሸማቸውን አጣፍተው ኩምሳ በር ላይ ይቆማሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፣ ኩምሳ ይስቃል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ከመካከላቸው አንዱ የልጅቷ አባትስ ይላል፣ ኩምሳ ትንሽ አመም አድርጎት ነው ይላል፣ ሰውየው እግዜር ይማረው ይላል፣ ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። ይገባሉ እኮ! ዳኜን የሚያስፈራው ይህ ነው፣ ደረቱን የሚወጥረው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነው፣ እሱ ቀርቶ ቢበላሽ ባልከፋው፣ ቢጣሉ፣ ልጅቷ ብታለቅስ፣ አባቴ ካልመጣ ብትል፣ ግን አይበላሽም፣ ያምራል፣ እሱ በሌለበት ሁሉ ነገር ያምራል፣ ማታም ብርቅዬ ደስ ብሏት ትመጣና ተከድኖ የመጣለትን ምግብ ታቀርብለታለች፣ እሱም አልፈልግም ይላል፣ እሷም እሺ ትላለች።

መስኮቱ ተከፈተ። ቀጥ አለ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፣ የተጎዳ ግን ያልተቀየመ ሰው ፊት፣ ይህን ፊት ያውቅበታል። አሁን ትጠራዋለች። ትንሽ ቆይቶ በዓይኑ ጥግ አየ፣ ፀደንያ ክንዷን አውጥታ መጋረጃውን ከንፋሱ አስገባች፣ የመሰንጠቂያው አቧራ አስነጠሳት፣ መስኮቱን ዘጋች። ወደ ታች አላየችም። አላየችውም! አይታ ብትንቀው ይሻል ነበር፣ ንቀት እንኳን ስለ አንተ ነው፣ ይህ ስለ አቧራ ነው።

ጋሼ፣ ይወስዱታል፣ ይላል አንድ ድምፅ። ጂጂ የሚል ስም ሽርጧ ላይ የተጠለፈባት የሶፋ ቤቱ ሻጭ ናት፣ ምኑን ነው የምወስደው፣ ሶፋውን ነዋ፣ ከመጡ ጀምሮ ተመቻችተውበት ዝም ያልኩት እኮ እያሰቡበት መስሎኝ ነው፣ ከተፈለገ በሌላ ቀለምም አለን። ዳኜ ብድግ ይላል፣ ላስቲኩ ከሱሪው ጋር ይነሳል፣ ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው። ይደውሉላቸዋ፣ አይ፣ እዚሁ ፎቅ ላይ ናት፣ አታውቅም እንደምጠብቃት። ልጅቷ ፎቁን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ ትከሻዋን ነቅንቃ ትገባለች። አታውቅም እንደምጠብቃት። ይህን ማን አለ? አምሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ላቡ አንገቱ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚሸጠው ሶፋ ላይ ተቀምጦ። ሳቅ ሊመጣበት ይልና ወደ ለቅሶ ይቀርባል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ እየወጣም ሊሄድ እንደሆነ ለመንገር ብቻ ነው የሚወጣው፣ በጨዋ ደንብ ልሰናበት፣ ይላል ለራሱ፣ ሁለት ጊዜ ይለዋል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ይቆማል፣ ግቡ እስኪባል መቆም ጨዋነት ነው፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በሩ ክፍት ነው ጋሽ ዳኜ፣ ትላለች ከውስጥ። ይገባል። ወንበሩ እንዳለ ነው፣ ማንም አልጎተተለትም፣ ይቀመጣል። መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ይህን መናገር አለባት፣ አንድ ቃል፣ ጎበዝ ብትለው፣ አላለችም። እስካሁን ምን ሲያስቡ ነበር። ታክሲ ስጠብቅ ሊላት ነው፣ ምላሱ ላይ ነው፣ እንድትመጪ እየጠበቅኩ ነበር፣ ይላል። አንቺ አላት፣ ዶክተሩ ከአፉ ጠፋ። ብመጣ ኖሮስ። ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያስ። ያስባል፣ ለእሷ ብሎ ሳይሆን የምር ያስባል፣ ከዚያ ሌላ ጊዜም እሄድ ነበር፣ መምጣትሽን ለማየት። ሳልመጣስ ስቀር። አይ ምን ይለኛል፣ የእርስዎ ሥራ ነው፣ ምንም፣ ጠላሁሽ፣ ይላል፣ በጣም ነው የጠላሁሽ። ጣሪያው እስኪወርድ ይጠብቃል፣ አይወርድም፣ እሷ በዝግታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጠልተውኝም መጡ፣ ትላለች፣ ማንም ሳይጠራዎት።

ይህ ምስጋና ነው? አይደለም፣ የሆነውን ነው የተናገረችው፣ እሱ ግን ሙገሳውን ይፈልግበታል፣ እንደሚፈልግ ራሱን ያየዋል፣ ያሳፍራል፣ እፍረቱ ፊቱ ላይ ወጥቶ ያቃጥለዋል፣ ፀደንያም እፍረቱን አትነካበትም፣ እንዲወጣ ትተወዋለች፣ እሱ ምን እንደሚል ሳያውቅ አፉን ይከፍታል፣ ራቴን ከድነውልኝ ነበር፣ ይላል። የቱን ራት። ያኔ፣ ከጎተራው ስመለስ፣ እናቴ ከድና አስቀምጣልኝ ነበር፣ ምድጃው አጠገብ፣ በልቻለሁ፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ለምን ይመስልዎታል። የሚያሳዝን አይደለማ፣ ይላልና እንባው ዱብ ዱብ ይላል፣ በስንት ጊዜው፣ ለታዳሚ ያልሆነ እንባ፣ አፍንጫ የሚያዝረከርክ፣ ሶፍቱን ራሱ ይስባል።

እሑድ ምን ይፈልጋሉ፣ ትላለች። እንዲሳካላቸው። እርስዎ ምን ይፈልጋሉ። ለልጄ ደስታ። ጋሽ ዳኜ። እፈልጋለሁ ማለት ይፈራል፣ እፈልጋለሁ ያለ ሰው አይሆንም ሊባል ይችላል፣ አልፈልግም ያለን ሰው ማን እምቢ ይለዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ነው፣ እምቢ ሳይባል፣ በምትኩ ሁሉም እየለመነው፣ አሁን የሚለምን አለቀ። መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ይላል፣ ልጄን ሲጠይቁ ፊት ለፊታቸው መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ አባቷ ማነው ሲሉ እኔ ነኝ ማለት እፈልጋለሁ። ትሰማዋለች። ይህን ለእኔ ነገሩኝ፣ ለእሷስ። አንቺ ብትደውይላት፣ በሐኪም አንደበት ሲሆን ይሰማል፣ አባትሽ በጣም ተጎድቷል ብትያት። ይህን አላደርግልዎትም። እምቢ ብትለኝስ? ልትልዎ ትችላለች፣ ያኔ ያምዎታል፣ የሚያመውንም ይዘው በሚቀጥለው ቀጠሯችን ይመጣሉ። ሌላ ነገር እስክትጨምር ይጠብቃል፣ አይዞዎት ምናምን፣ አትጨምርም፣ ሰዓቱ አልቋል።

ደረጃው መሃል ላይ ይቆማል፣ ታች ከወረደ እንደማይደውል ያውቃል፣ ታክሲ ይመጣል፣ ነገ ይሆናል፣ ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ለእሑድ ጫፍ ይሆናል፣ ለዕድላዊት ይደውላል፣ ስልኩ ይጠራል፣ አታነሳም፣ እንኳን፣ ይላል ልቡ፣ እንኳን አላነሳች፣ ደውዬ ነበር ይባላል፣ ታነሳለች። አባዬ? ደህና ነህ፣ እማዬ ደህና ናት። ደህና ናት። ታዲያ ምነው። ልጁ አባቷ ሲደውልላት ምን ጎደለ ብላ ነው የምታነሳው፣ ይህን ዛሬ ነው የሰማው። ዕዱ፣ እሑድ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ምን? ሽማግሎቹ ሲመጡ፣ እኔ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

መሰንጠቂያው ይጮሃል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ያጣብቀዋል፣ ከወዲያ የቢሮ ጫጫታ አለ፣ እያሰበች ነው፣ ወጥመዱ የት ጋ እንደሆነ እየፈለገች ነው፣ ያሳደጋት እሱ ነው፣ ታውቀዋለች። አባዬ፣ ትላለች፣ ጋሼ ኩምሳ ሁሉን አዘጋጅቷል፣ ለሰዎቹም ጫንጮ ተብሏል፣ አሁን ልቀይር አልችልም። አዎ። መልሱንም የሚሰጣቸው እሱ ነው፣ ተነጋግረናል፣ ቃሉን ከአፉ አልነጥቀውም። አዎ። አጠገቡ ትቀመጣለህ፣ ከፈለግክ።

ከፈለግክ። አጠገቡ። የገዛ ልጁ፣ ለአጎቷ የፊቱን ወንበር ሰጥታ ለአባቷ የጎኑን፣ አፉ ውስጥ ያ የለመደው ቃል ይመጣል፣ እንግዲህ ካስቸገርኩ ይቅር፣ ሙሉ ሆኖ፣ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል፣ ቢለው ያርፋል፣ አሁኑኑ ያርፋል፣ ዛሬ ሌሊት በመበደሉ ሞቆት ይተኛል፣ እሷም እሺ ትላለች፣ እሺ አባዬ፣ እና ስልኩ ይዘጋል፣ እና እሑድ ያምራል። እጁ የደረጃውን ብረት ይዟል፣ ብረቱ ይቀዘቅዛል። እፈልጋለሁ፣ ይላል። እሺ፣ ትላለች። ስንት ሰዓት ልምጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፣ ቀደም ብለህ ና፣ አባዬ፣ ትላለች ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መንገድ ላይ ሆነህ ስልክ እንዳታጠፋ፣ ያን ቀን ማንንም ልልክብህ አልችልም። አትላኪ፣ እመጣለሁ። እሺ ቻው፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ተዘጋ። አለቀሰች ይሆን? ደስ አላት? ድምፅዋ መጨረሻ ላይ ወፈር ብሎ ነበር፣ ወይስ ጫጫታው ነው፣ ደስ ብሏት ከሆነ ልትነግረው ይገባ ነበር፣ አንድ ቃል፣ ደስ አለኝ አባዬ፣ ስንት ሰከንድ ይፈጃል፣ መልሶ ቢደውል፣ ዕዱ ቅር አላለሽም አይደል ቢላት፣ ኧረ አባዬ ምን ማለትህ ነው ትለዋለች፣ ትለዋለች፣ ጣቱ ስሟ ላይ ነው። ይቆያል። ስልኩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል፣ ደስ ይበላት አይበላት አያውቅም፣ ሳያውቅም ደረጃውን ይወርዳል፣ አስኮ የሚል ታክሲ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ረዳቱ አንድ ሰው ሲል፣ ዳኜ፣ እኔ፣ ይልና ይገባል።